የጉድጓድ ውሃችን «አልፏል» ተባለ፤ ታዲያ ለልጄ ላጠጣት?

ሒሳብ ያዧ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የምኖረው ከፍልውሃ ጀርባ፣ አምስት አባወራ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ተከራይ ነኝ። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ እሱም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ። ተነስቶ ሮቶውን ያልሞላ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ጄሪካን ይዞ ሲንከራተት ይከርማል። አምና አከራያችን (ጋሼ ነው የምንላቸው) ለስንት ዓመት ያጠራቀሙትን ብር አውጥተው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ከኪራዩ ላይ ሰባራ ሳንቲም አልጨመሩም። ውሃው የወጣ ቀን ግቢው እልል አለ። ጠላ ሁሉ ተጠምቋል፣ አልቀለድኩም።

ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ ሽታ የለውም። አፍ ላይ ትንሽ ከበድ ይላል። ደግሞ ከጉድጓዱ ሲወጣ ለብ ይላል። ጋሼ «እግዜር አሙቆ ነው የሰጠኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። በሐምሌ ብርድ ጠዋት ፊት ለመታጠብማ ተወዳዳሪ የለውም።

ችግሩ እኔ ነኝ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ደረሰኝ ካላየሁ አላምንም። ጋሼን ለምኜ በሃይላንድ ጠርሙስ ናሙና ይዤ አንድ ላብራቶሪ ሄድኩ። ወረቀቱን ከታች ለጥፌዋለሁ። ባክቴሪያ የለም። አርሴኒክ «< 0.01 ሚሊግራም በሊትር» ይላል። እርሳስ «< 0.05»። ፍሎራይድ 2.1። ገጹ ላይ ሰማያዊ ማኅተም አለ፣ «ለመጠጥ ተስማሚ» የሚል። ጋሼ ወረቀቱን ላሚኔት አስደርገው ከፓምፑ በላይ ሰቅለውታል።

እኔ ግን አርሴኒክ የሚለውን ቃል ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የአይጥ መርዝ አይደል እንዴ? ጉግል ሳደርግ ደግሞ ገደቡ 0.01 ነው ይላል። እና 0.0099 ከሆነ ማር፣ 0.0101 ከሆነ መርዝ ነው ማለት ነው? ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ አለችኝ። የምትጠጣው እሱን ነው፣ የሚሠራላትም በሱ ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ በእግዚአብሔር፣ ቀለል አድርጎ ያስረዳኝ።

---

ቀበና ማዶ

እህቴ አታካብጂው። እኛ ቀበና ወንዝ ውስጥ እየዋኘን፣ አንዳንዴም እየጠጣን ነው ያደግነው፤ ይኸው አለን። ከፈራሽ በደንብ አፍልተሽ ስጫት። ወይ ውሃ አጋር ጠብ አድርጊበት። አለቀ።

---

የድሮ ኬሚስት

ቀበና ማዶ፣ ወንድሜ፣ ለባክቴሪያ ቢሆን ምክርህ ወርቅ ነው። ለአርሴኒክ ግን አይሠራም። አርሴኒክ ሕይወት የለውም፤ አትገድለውም። ስታፈላው ውሃው ይተናል፣ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሊትሩ እየቀነሰ መርዙ እዚያው ነው ያለው፤ ማለትም ታወፍረዋለህ። ክሎሪንም አያነሳውም። የሸክላው ማጣሪያም እንደዚያው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። 31 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሸበትኩት። ወረቀትሽ ላይ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚያች ትንሽ ምልክት ላይ ነው፤ «<» የምትለው ላይ።

«ከ0.01 በታች» ሲል የለም ማለቱ አይደለም። «መሣሪያዬ ከዚህ በታች ማየት አይችልም» ማለቱ ነው። የሽንኩርት ሚዛን ላይ የጣት ቀለበት እንደማስቀመጥ ቁጠሪው። መርፌው ንቅንቅ ካላለ ቀለበቱ የለም ትያለሽ? የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ያው 0.01 ሚሊግራም። የኛም አገር ደረጃ ይኸው ነው። መሣሪያው ማየት የሚጀምረው ደግሞ ልክ ገደቡ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃችሁ 0.2 ማይክሮግራም ቢኖረውም 9.8 ቢኖረውም ይቺው ወረቀት ናት የምትወጣው። የእርሳሱ ይባስ። የእርሳስ ገደብ 0.01 ሆኖ ሳለ እነሱ «< 0.05» ብለው ጽፈዋል። ከገደቡ አምስት እጥፍ ድረስ ዓይናቸው አያይም።

ማኅተሙንም አጉልቼ አየሁት። ያረፈው ከባክቴሪያው ሰንጠረዥ ሥር ነው። ስለ ባክቴሪያው ነው የሚናገረው። ኬሚካሉ ከዚያ ቀጥሎ፣ ገጹ ግርጌ ላይ ተጽፏል፤ እዚያ ማንም «አልፏል» አላለም። እንዲያውም ፍሎራይዱ አላለፈም። 1.5 ነው ገደቡ። ያንቺ 2.1 ነው። አርሴኒክ አርሴኒክ እያልን ዓይናችን ፊት የተጻፈውን ዘለልነው።

አሁን ስለ ለብታው። ይሄ የጋሼ ቀልድ ብቻ አይደለም። በናንተ ሰፈር ሥር የመሬት ስንጥቅ አለ፤ ፍልውሃ የወጣውም በሱ ነው። ከጥልቁ የሚመጣ ሙቅ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ብዙ ኖሯል፤ በሙቀቱ ከድንጋዩ ብዙ ነገር አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ፍሎራይድና አርሴኒክ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይዱ የታወቀ ነው፤ አርሴኒኩም ከ10 ማይክሮግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ማንም አልጨመረበትም። ፋብሪካም አልደፋበትም። ድንጋዩ ነው።

አከራይሽን ግን እንዳትቀየሚያቸው። ባንግላዴሽ ውስጥ ከ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሕዝቡ ከኩሬ ውሃ በሽታ እንዲድን ተብሎ ስፍር ቁጥር የሌለው የእጅ ፓምፕ ተተከለ። ለደግነት ነበር። በ1990ዎቹ ነው ውሃው አርሴኒክ እንዳለው የታወቀው፤ ያኔ የሰው መዳፍና ውስጥ እግር ጠንክሮ፣ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። ቆዳ ላይ እስኪታይ ዓመታት ይፈጃል። ውሃው ኩልል ማለቱ፣ አለመሽተቱ ምንም አይነግርሽም።

እና ምን ላድርግ ካልሽ፦ ማይክሮግራም ማንበብ የሚችል ላብራቶሪ ፈልጊ። ስትደውዪ «አርሴኒክ ትለካላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚልሽ። «ዝቅተኛ የምታነቡት ስንት ነው?» በያቸው። 1 ወይም ከዚያ በታች ካሉ ጥሩ። ጠርሙሱን ከነሱ ውሰጂ፤ አሲድ ጠብ ተደርጎበት ይሰጥሻል፣ አታለቅልቂው። የሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም። አንዱን ከጉድጓዱ አፍ፣ ፓምፑ ትንሽ ከሠራ በኋላ ቅጂ። ለእርሳሱ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ፦ ጠዋት ማንም ሳይከፍተው ከወጥ ቤት ቧንቧ የመጀመሪያውን። እርሳስ የሚመጣው ከቧንቧውና ከመገጣጠሚያው ነው፤ ሌሊቱን ሲነከር ያድራል።

እስከዚያው አራት ነገር መዝግቢልኝ። የልጅቷ ኪሎ። በቀን የምትጠጣው ውሃ፣ ተለክቶ። ምግቧ ምን እንደሆነና በየትኛው ውሃ እንደሚሠራ። እዚያ ግቢ ስንት ዓመት እንደምትቆዩ።

---

የወንጂ ልጅ

መምህር ስለ ፍሎራይድ የተናገሩት ላይ አንድ ልጨምር። እኔ ያደግኩት ወንጂ ነው፣ ስኳር ፋብሪካው ካምፕ። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምሠራው። ሰው ሲያዋራኝ ዓይኑ ጥርሴ ላይ ነው። ቡናማ ነው፣ መስመር መስመር አለው። ጫት ይመስላቸዋል፣ ሲጋራ ይመስላቸዋል። ሁለቱንም ቀምሼ አላውቅም። ሠርጌ ላይ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በል» ሲለኝ አፌን ገጥሜ ነው ፈገግ ያልኩት። አልበሙ ሙሉ ኮሶ የጠጣ ሰው ነው የምመስለው።

ከኛ በላይ የነበሩት፣ ለረጅም ዓመት የጠጡት ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ደርቆ አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው ነበር። አጥንት ውስጥ ይገባል። የጥርሱ ጉዳይ ግን በልጅነት ነው የሚያልቀው። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው የሚበላሸው፤ ልክ የሴትዮዋ ልጅ ባለችበት ዕድሜ። ከበቀለ በኋላ ብታቆሚው ወደ ነጭ አይመለስም።

ስለዚህ እህት፣ አርሴኒኩ ዜሮ ቢወጣ እንኳ ያንን ውሃ ለልጅሽ አትስጫት። ይሄን ለማለት ሒሳብ አያስፈልገኝም።

---

ሒሳብ ያዧ

ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስደውል ሁለት ቦታ «ዝቅተኛ ንባብ» ስል ስልኩ ላይ ዝም አሉ። ሦስተኛው ግማሽ ማይክሮግራም እናነባለን አለ። ዋጋውን አልጠራውም፤ የዚህ ወር እቁቤ ነው ያለቀበት።

አርሴኒክ 7.2 ማይክሮግራም በሊትር። ምልክት የለውም፣ ቁጥር ነው። ፍሎራይድ እንደበፊቱ 2.1። እርሳስ ከ1 በታች፤ ተመስገን።

የቤት ሥራዬንም ሠርቻለሁ። ልጄ 12 ኪሎ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ለካሁላት፤ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ እሷን ተከትዬ ስዞር ዋልኩ። ውሃና ሻይ ወደ 6 መቶ ሚሊ ሊትር፣ ከምግቧ ጋር የሚገባው ወደ 4 መቶ። ሊትር በሉት። እኔ 60 ኪሎ ነኝ (ይሄን ስጽፍ ትንሽ ዋሽቻለሁ፣ ግን ለሒሳብ ይመቻል)፣ 2 ሊትር ያህል እጠጣለሁ። ምግቧን የምትሠራው እናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎ ነው፤ ሩዙን ደረቁን ስመዝነው 50 ግራም ገደማ። እንጀራም ትበላለች፣ ከወጡ ግን ድንቹን መርጣ። እዚህ ግቢ አምስት ዓመት የምንቆይ ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየም ከደረሰኝማ ነገ ነው የምወጣው።

7.2 ከ10 በታች ነው አይደል? ጋሼ ወረቀቱን ሳሳያቸው «አላልኩሽም!» አሉኝ።

---

የድሮ ኬሚስት

ጎበዝ። እንደዚህ ያለ መረጃ ይዞ የመጣ ሰው በሥራ ዘመኔ ከጣቴ አይበልጥም።

አሁን ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና ራስሽ ትሠሪዋለሽ። በዓለም ላይ ይሄን የሚሠሩ ሰዎች መንገዳቸው አንድ ነው፤ አሜሪካኖች በ1983 (በፈረንጆቹ) በአንድ ሰነድ አራት እርከን አድርገው አስቀምጠውታል። ነገሩ ምን ይጎዳል? በምን ያህል መጠን ይጎዳል? ይቺ ሰው በቀን ምን ያህል ይገባባታል? ሦስቱ ሲደመሩ አደጋዋ ስንት ነው? ላብራቶሪው የሰጠሽ የሦስተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ውሃውን ለካ፤ የሚጠጣውን ሰው አልለካም።

ሒሳቡ ይሄ ነው። ውሃው ውስጥ ያለውን በምትጠጪው ሊትር አባዢ፣ በኪሎሽ አካፍዪ።

ያንቺ፦ 7.2 በ2 ሲባዛ 14.4፣ ለ60 ሲካፈል 0.24 ማይክሮግራም ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን።

የልጅሽ፦ 7.2 በ1፣ ለ12 ሲካፈል 0.6።

አየሽ? ከአንድ ፓምፕ፣ ከአንድ ጄሪካን ነው የምትጠጡት። እሷ በኪሎ ስንመታው ካንቺ ሁለት እጥፍ ተኩል ትወስዳለች። ልጅ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ነው የሚጠጣው እንላለን፤ ኪሎው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ትንሽ ነው።

ይሄን ከምን ጋር እናነጻጽረው? ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የቆየ ቁጥር አለ፤ ለአንድ ኪሎ በቀን ይሄን ያህል ቢገባ ዕድሜ ልክ አይጎዳም የሚባል፣ 0.3። ከየት መጣ ካልሽ፣ ከታይዋን። ደቡብ ምዕራብ ታይዋን ውስጥ ከ40,000 በላይ የመንደር ሰው ተመረመረ። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚጠጡ ነበሩ፤ እግራቸው እየጠቆረ ይቆረጥ ነበር፣ «ጥቁር እግር» ነበር የሚሉት። ጉዳት ያልታየባቸው ሰዎች በቀን የሚወስዱት 0.8 ገደማ ሆኖ ተሰላ። ለጥንቃቄ ለ3 አካፈሉት፣ 0.3 አሉት። እንግዲህ ያንቺን 0.24 ለ0.3 ስናካፍል 0.8 ይመጣል። ከ1 በታች ነው። የልጅሽ 0.6 ለ0.3፣ 2 ነው። ከ1 በላይ።

7.2 ከ10 በታች ነው ብለን ያሳለፍነው ውሃ ላንቺ ያልፋል፣ ለልጅሽ አያልፍም።

ደግሞ ይሄ የድሮው ቁጥር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጥር 2017 (በኛ አቆጣጠር) ቁጥሩን ወደ 0.06 አውርዶታል። በዚያ ከሄድን ያንቺ 4፣ የሷ 10 ነው። 10 ማይክሮግራም የሚለው ገደብም ከጉዳት ነጻ የሆነ መስመር ሆኖ አይደለም የተመረጠው። በአብዛኛው ሊለካና ሊጣራ የሚችለው እስከዚያ ስለሆነ ነው። ድሮ 50 ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1993 (በፈረንጆቹ) ነው ወደ 10 ያወረደው። ያኔ 40 ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት አልታመመም። መስመሩ ነው የተንቀሳቀሰው። ስለ ማርና መርዝ የጠየቅሽው ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው።

ቆይ፣ አትደንግጪ። 2 ወጣ ማለት ልጅሽ ታማለች ማለት አይደለም። የጥንቃቄውን ትራስ እየበላንበት ነው ማለት ነው። ወረርሽኝ አይደለም፤ ዕዳ ነው፣ ወለዱ ቀስ እያለ የሚቆጠር። ካንሰሩንም በድሮው ቁጥር ልንገርሽ። ያንቺን መጠን ዕድሜ ልካቸውን፣ 70 ዓመት፣ ቢጠጡት ከ10,000 ሰው ምናልባት 3 ወይም 4 ይጨምራል። ያም ወደ ላይ የተጋነነ ግምት ነው፤ አዲሱ ቁጥር ግን ከዚያም ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። አምስት ዓመት ብቻ ከሆነ ለ14 አካፍዪው። ለዚህ ነው ስንት ዓመት ትቆያላችሁ ያልኩሽ።

አሁን ማንም ያልጠየቀሽን ልናገር፦ ሩዙ።

ሩዝ የሚበቅለው ውሃ በተኛበት ማሳ ነው። እንዲህ ያለ ጭቃ አርሴኒኩን ከአፈሩ ያላቅቀዋል፣ ሥሩ ይመጠዋል። ለተፈተገ ሩዝ ዓለም አቀፉ ገደብ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። ያንቺ ሩዝ ግማሹን፣ 0.1 ቢኖረው እንኳ፣ 50 ግራሙ 5 ማይክሮግራም ይዟል። ለ12 አካፍዪ፣ ለ0.3 አካፍዪ፤ 1.4 ይመጣል። ከውሃው 2 ጋር ሲደመር 3.4። ጉድጓዱን ዛሬ ብትደፍኑት እንኳ ገንፎው ብቻውን ከ1 ይበልጣል! እናትሽን ጠዋት ጠዋት የገብስ ወይ የአጃ አጥሚት እንዲያደርጉላት ለምኚ፤ ሩዙ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሁን። ሲሠሩትም በብዙ ውሃ ቀቅለው ውሃውን ይድፉት፤ በንጹሕ ውሃ ከሆነ በርከት ያለው አብሮ ይሄዳል። በናንተ ጉድጓድ ውሃ እስኪመጥ ድረስ ከተቀቀለ ግን ሩዙ ከራሱም አለው፣ ከውሃውም ይጠጣል።

ፍሎራይዱንም አስይ። 2.1 ሚሊግራም በ1 ሊትር፣ ለ12፣ 0.175 ሚሊግራም ለአንድ ኪሎ በቀን። ለጥርስ የተቀመጠው መጠን 0.06 ነው። 3 ሊሞላ ምንም አልቀረው። የወንጂ ልጅ ያለ ሒሳብ ያወቀው ይሄን ነው።

---

ሰላጣ ወዳድ

ይቅርታ፣ ከርዕስ ልወጣ ነው። ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ቆስጣና ሰላጣ በጨውና በሎሚ ዘፍዝፌ ነው የምበላው። በቂ ነው?

---

የድሮ ኬሚስት

ለአሜባው ጥሩ ነው። ለብረቱ ግን ማጠብ የሚያነሳው ቅጠሉ ላይ ያረፈውን አቧራ ነው። ሥሩ የጠጣውን አያነሳም። የአቃቂን ወንዝ በሚጠጡ ማሳዎች ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስ በተደጋጋሚ ተለክቷል። ክሮሚየሙ ባብዛኛው ከቆዳ ፋብሪካ ነው። ቅጠል ከፍሬ የበለጠ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ ከሆነ ከቆስጣ ቲማቲም ይሻላል። ሻጯን ከየት እንደመጣ ጠይቃት። «ከሆለታ ነው» ትልሃለች። ሁሉም ከሆለታ ነው።

---

ቀበና ማዶ

እሺ መምህር፣ ተሸነፍኩ። ግን ይሄ ሁሉ ከሚሆን ልጅቷን አስመርምራ ብትገላገልስ? ደም ይታያል አይደል?

---

የድሮ ኬሚስት

ደም ላይ ቶሎ ይጠፋል። ሽንት ይሻላል፤ እሱም ያለፉትን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚነግርህ። ከምርመራው በፊት የባሕር ዓሣ መብላት የለም። አንድ ጊዜ በጾም ቱና ሲበላ የከረመ ሰው ውጤቱ ጣሪያ ነክቶ ሚስቱ መርዝ አበላችኝ ብሎ ሊከሳት ነበር። የባሕር ዓሣ ውስጥ ያለው አርሴኒክ ሌላ ዓይነት ነው፣ ገብቶ ይወጣል፣ አይጎዳም። መሣሪያው ሁለቱን ካልለየ ግን ትዳር ያፈርሳል።

ለዚች ልጅ ገንዘቡን ውሃ ላይ ብታውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

---

ሒሳብ ያዧ

የመጨረሻ ሪፖርት ላቅርብ።

ኤክሴል ላይ ሠራሁት። ቁጥሩ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ 2 ሲመጣ ግን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሳሁ።

በመምህር ምክር የቧንቧውንም ውሃ አስለካሁ። ከግድብ ነው ወይስ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚለውን ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረኝ ስላልቻለ። አርሴኒኩ ከግማሽ ማይክሮግራም በታች፣ ፍሎራይዱ 0.4። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ሕግ ወጥቷል። ቀይ ክዳን ያላቸው ሁለት ጄሪካኖች የቧንቧ ናቸው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቼ እሞላቸዋለሁ። የልጄ መጠጥ፣ የልጄ ምግብ፣ የቤቱ ሻይና ወጥ ከነሱ ብቻ። የጉድጓዱ ለገላ፣ ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለሽንት ቤት። መምህር በውስጥ መስመር በቆዳ የሚገባው ከቁጥር አይገባም ብለውኛል። ስለዚህ ጠዋት ለብ ባለው ውሃ መታጠቤን አልተውኩም።

እናቴ ሩዙን ስነግራት ተቀየመች። «ሩዝ እኮ ገዝቼ ነው፣ የድሃ ምግብ አይደለም» አለችኝ። አሁን የአጃ አጥሚት ነው። ልጅቷ ሁለት ቀን ተፋችው፤ በሦስተኛው ማር ሲገባበት ጨረሰችው።

ከባዱ ጋሼ ነበሩ። እንዴት ብዬ ነው ደጉን ሰው «ውሃህ ይጎዳል» የምለው? እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡና አፍልቼ (በቀይ ክዳኑ) ወረቀቶቹን ይዤ ሄድኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ሲኒያቸውን እያዞሩ ቆዩ። ከዚያ «ለልጆቹ ነው እንጂ ለኔ ነው ያስቆፈርኩት?» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሰበር አለ። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ። ገላችንን የምንታጠበው በርስዎ ነው፣ ልብሳችን የሚነጣው በርስዎ ነው ብዬ ቀባጠርኩ። ማታ ሳልፍ ላሚኔት የተደረገው ወረቀት ከፓምፑ በላይ አልነበረም። በካርቶን ላይ በራሳቸው እጅ ጽሕፈት «ለመጠጥ ከቧንቧ። ለሕፃናት በፍጹም» የሚል ተሰቅሏል።

ትናንት ደግሞ ጠሩኝ። «እስቲ ያንን ሒሳብሽን ለኔም ሥሪልኝ» አሉ። ወተት ቤት ያለው ሚዛን ላይ ወጥተው መጥተዋል፤ 72 ኪሎ። በቀን ሦስት ሊትር ይጠጣሉ፣ ሐኪም ለኩላሊታቸው አዟቸው። ስልኬ ላይ መታሁት። 7.2 በ3፣ ለ72፣ ለ0.3። ልክ 1 መጣ። 1.0።

ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ልክ አንድ! በይ እንግዲህ፣ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?»

መምህር፣ ምን ልበላቸው?

---

የድሮ ኬሚስት

ሻዩን ቆጥረውታል?